መብትና ጤና በባሌ ትምህርት ቤቶች

የምሥራቅ ባሌ ዞን መቀመጫ የሆነችው ጊኒር የብዙ ቆላ ቀበሌዎች የትምህርት መዳረሻ ናት። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ያለፉ የገጠር ልጆች ከጓደኛ ጋር ቤት ተከራይተው፣ ስንቃቸውን ከወላጅ እያስመጡ ይማራሉ። ከእነዚህ ወደ አንዷ ቤት ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቢላክ ነገሩ በአንድ ጊዜ የሕግ፣ የጤናና የሴቶች መብት ጉዳይ ይሆናል። ትምህርት ቤት ግን ሦስቱን ለያይቶ ያስተምራል፤ ሕጉ በዜግነት ትምህርት፣ ጤናው በባዮሎጂ፣ የሴቶች ጉዳይ ደግሞ በክበብ። ተማሪዋ ችግር ሲገጥማት ወዴት እንደምትሄድ የሚነግራት ክፍለ ጊዜ ከሦስቱ መካከል ወድቆ ሊቀር ይችላል።

የመብት ትምህርቱ ሕጋዊ መሠረት የቆየ ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሰብዓዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫን ደግፈው ድምፅ ከሰጡት 48 አገሮች አንዷ ነበረች። የመግለጫው አንቀጽ 26 ትምህርት ለሰብዓዊ መብቶች ያለውን አክብሮት ማጠናከር እንዳለበት ይደነግጋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶችን ከጎጂ ልማዶች የመጠበቅ ግዴታ በመንግሥት ላይ ይጥላል።

በተግባር ትልቁን ለውጥ ያመጣው የወንጀል ሕጉ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ክፍት ትቶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በአጎራባቹ አርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ለማምለጥ ስትሞክርም ጠላፊዋን ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ አቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን እንደተከላከለች ተቀብሎ በነፃ አሰናበታት። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ያንን በር ዘጋ። ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ዕድሜዋ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ይታሰራል። የሴት ልጅ ግርዛትም ራሱን የቻለ ወንጀል ሆነ።

ይህ ሁሉ ወደ ክፍል የገባው በሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት በኩል ነው። ትምህርቱ ከሕግ የበላይነትና ከእኩልነት እስከ ቁጠባ በ11 እሴቶች ተከፍሎ ለዓመታት ተሰጥቷል፤ በቅርቡ በተሻሻለው ሥርዓተ ትምህርት የግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት ተተክተውበታል። ድክመቱ በአብዛኛው አሰጣጡ ላይ ነው። ተማሪው እሴቶቹን በቅደም ተከተል ሸምድዶ ፈተናውን ያልፍ ነበር። በባሌ ልጆች በአፋን ኦሮሞ ተምረው 9ኛ ክፍል ሲደርሱ የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሚሆን፣ ስለ ጋብቻ ዕድሜና ስለ ክስ አቀራረብ መወያየት የሚገባቸው ልጆች ከቃላቱ ጋር ሲታገሉ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በዚህ ረገድ ክበባት የተሻለ ዕድል አላቸው። በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያ የሚተላለፍ ጭውውት በልጆቹ ቋንቋ ስለሚቀርብ ሁሉም ይሰማዋል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. የጀመረው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ምስለ ችሎት ውድድርም ልጆቹን ከሽምደዳ ወደ ክርክር ያወጣል፤ ተወዳዳሪዎቹ የተሰጣቸውን ምናባዊ ጉዳይ ይዘው በጽሑፍና በቃል ይሟገታሉ።

የባሌ ተማሪ ስለ ሴቶች መብት የሚሰማው ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በባሌም በሚኖሩት የአርሲ ኦሮሞዎች ባህል ሙሽራ ከወላጆቿ ቤት ስትወጣ እናቷ ሲንቄ የተባለች ቀጭን በትር ታስይዛታለች። ባል ሚስቱን፣ በተለይም አራሷን ቢመታ፣ የተበደለችው እሪ ትላለች፤ የሰፈሩ ሴቶችም ሥራቸውን ጥለው፣ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ። በዳዩ ጥፋቱን አምኖ ካሳ እስኪከፍል ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት አካል የሆነው ይህ ልማድ ለመምህሩ ጥሩ መነሻ ነው፤ የሴት ክብር ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው ለሚል መልስ ይሰጣል። ይሁንና በትሯ የምትሰጠው በጋብቻ ቀን ነው። ያላገባችው ተማሪ ገና ሲንቄ የላትም፤ ያለዕድሜዋ እንዳትዳርም ይሁን እንዳትገረዝ የምትተማመነው በሕጉና ሕጉን በሚያስፈጽሙት ላይ ነው።

ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ጤናንም ስለሚጎዱ የጤናው ትምህርት ከመብቱ አይነጠልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ 65 በመቶ፣ በኦሮሚያ 76 በመቶ ተገርዘዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ወጣቶች ግን አገራዊው ቁጥር 47 በመቶ ነው። ግርዛት ደም መፍሰስን፣ ኢንፌክሽንንና አስቸጋሪ ወሊድን ያስከትላል። ሰውነቷ ሳይጠና የምታረግዝ ልጅም ለተራዘመ ምጥና ለፌስቱላ ትጋለጣለች።

የዓለም ጤናም ለባሌ ሩቅ ርዕስ አይደለም። የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በያኔው ባሌ ክፍለ ሀገር፣ በኤልከሬ አውራጃ፣ ዲሞ በተባለች መንደር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ፈንጣጣ በክትባት ከዓለም መጥፋቱ ተበሰረ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትም በዋናነት የሚሰጠው ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። መጀመሪያ የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ይከተቡ ነበር። መርፌው መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ሲነሳ መልስ መስጠት የሚኖርበት መምህሩ ነው፤ ካንሰሩን ስለሚያመጣው ቫይረስ ቀድሞ ያስተማረ መምህር ይህን ወሬ ለማስተባበል አይቸገርም።

ትምህርቱን ከቀበሌው ጋር የምታገናኘው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሠራተኞች እንዲመደቡ ታሰበ፤ አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል የጨረሱ፣ አንድ ዓመት የሠለጠኑ የአካባቢው ወጣት ሴቶች ነበሩ። ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት፣ በ1992 ዓ.ም.፣ በአገሪቱ በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 5 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 በመቶ ደርሰዋል። ሠራተኛዋ ደመወዝ የምታገኝ፣ በየቤቱ የምትደመጥ ሴት በመሆኗ ለተማሪዋ የትምህርት ፍሬ ማሳያ ጭምር ናት። እርግዝና የምትከታተለውና እናቶችን የምታማክረው እሷ ስለሆነች የታሰበ ግርዛት ወይም ጋብቻ ቀድሞ ጆሮዋ ሊደርስ ይችላል።

እንግዲህ የመብትና የጤና ትምህርት ከፈተና ማለፊያነት በላይ እንዲያገለግል ሦስቱን ርዕሶች በአንድ ጉዳይ ላይ አገናኝቶ ማስተማር ያስፈልጋል። ያለዕድሜ ጋብቻ ሲነሳ ቅጣቱ፣ የጤና ጉዳቱና ተማሪዋ የምታጣው ዕድል አብረው ይነገሩ። ወንዶቹም ክፍሉን ለቀው አይውጡ፤ ነገ ሽማግሌ የሚልኩት እነሱ ናቸው። የትምህርቱ መዝጊያም አድራሻ ይሁን፦ ለየትኛው መምህር፣ ለየትኛው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት፣ ለየትኛው ፖሊስ ጣቢያ እንደሚነገርና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ። ተማሪዋ ይህን ካወቀች የሕጉን አንቀጽ በቁጥር ባታስታውሰውም ልትጠቀምበት ትችላለች።