«በእኔም ደርሶብኛል»

እህቶቼ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ፣ የሴይርቪል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነባር ተጫዋቾች አዲስ ገቢዎችን በልብስ መቀየሪያ ክፍል አሰቃይተዋል ተብሎ 7 ተማሪዎች ተከሰሱ። የፉትቦል ቡድኑ ቀሪ ጨዋታዎችም ተሰረዙ።

እንዲህ ያለው ነገር እንዴት ይቀጥላል? አዲሱ ልጅ ከቡድኑ እንዳይወጣ ፈርቶ ዝም ይላል። በዓመቱ ነባር ይሆንና «በእኔም ደርሶብኛል» ብሎ በሌላው ላይ ይደግመዋል።

ዘጸአት 23፥9 ግን ይህን ይገለብጠዋል፤ እስራኤል ስደተኛን እንዳይጨቁኑ የታዘዙት ራሳቸው በግብፅ ስደትን ስለቀመሱ ነው።

እዚህ ሺፋም አዲስ ልጅ ስትመጣ ከባዱን ሥራ ጥለንባት፣ በዐረብኛዋ ስቀንባት «ትልመደው» አንበል። የልብስ ማጠቢያውን አሠራር፣ የማዳምን ጠባይ፣ የዕለቱን ቃላት እናሳያት። መጀመሪያ ቀን ምን እንደከበደን እናውቃለን አይደል?