ላልተነፋ ፊሽካ ማን ይከፍላል?

አርብ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ የሚሽሪፍ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ጭር ይላሉ። ዐስር ሲቃረብ ሰፈሩ ዳግም ይነቃል። በመምሻው ላይ ቤተሰቦች ይራመዳሉ፤ መኪኖች ወደ ጀምዒያው ያቀናሉ፤ በመካከላቸው የስፖርት ቦርሳ ያንጠለጠሉ፣ ካልሲያቸውን እስከ ጉልበት የሳቡ ወጣቶች ብቅ ይላሉ። ብዙው ሐበሻ ሚሽሪፍን የሚያውቀው በዓለም አቀፉ የኤግዚቢሽን ማዕከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የኮሮና ክትባት ሲሰጥ ሰልፍ የያዘው እዚያ አዳራሽ ነበርና። ሰፈሩ ግን የኳስም ሰፈር ነው። የያርሙክ ስፖርት ክለብ መቀመጫው እዚህ ነው። ‹ኬፋክ› እየተባለ የሚጠራው የኬረላ ተወላጆች የእግር ኳስ ማኅበርም ለዓመታት አርብ አርብ ሊጉን ያካሄደው በዚሁ በሚሽሪፍ በሚገኘው የወጣቶችና የስፖርት ሜዳ ላይ ነው፤ ለወጣቶቹ አንድ፣ ለአንጋፋዎቹ ሌላ ውድድር አዘጋጅቶ።

ከሁለቱም ማልያ የተለየ ቀለም የለበሰው ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁሉም ቀድሞ ይደርሳል። መረቡ በሚገባ መታሰሩን በእጁ እየነካካ ያያል፣ ኳሷን በመዳፉ ይጫናል፣ የሜዳውን ጠጠር በጫማው አፍንጫ ይፈትሻል። ከእሁድ እስከ ሐሙስ ሹፌር፣ የመጋዘን ሠራተኛ ወይም የሒሳብ ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ አርብ ግን ዳኛ ነው። በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68 የቤት ሹፌሩን ጨምሮ ለእያንዳንዱ የቤት ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ከነክፍያው ዕረፍት ሰጥቷል። ሜዳ ላይ ለሚሰባሰበው ስደተኛ ያቺ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ናት፤ የሶላትና የዘመድ ጥየቃ፣ የልብስ አጠባና የሐዋላ፣ ከተረፈም የኳስ። ዳኛውም ከዚያችው ቀን ላይ ቆርሶ ነው የመጣው።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ጨዋታው ሳይካሄድ ሲቀር ነው።

በኩዌት ጨዋታ የሚተላለፍበት ምክንያት አይታጣም። የአገሩ ሰው ‹ጦዝ› የሚለው አቧራ በድንገት ተነሥቶ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እንዳይታይ ያደርጋል፤ በ2022 የግንቦት ወር እንዲህ ያለው አቧራ የዓለም አቀፉን አውሮፕላን ማረፊያ በረራ ለሰዓታት አስቁሞ ነበር። በጸደይ ወራት ደግሞ ‹ሰራያት› የተባለው ነጎድጓዳማ ዝናብ ማለዳ ጥርት ብሎ የነበረውን ሰማይ ከሰዓት በኋላ ይገለብጠዋል። ስለ ሙቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ በሐምሌ 2016 ሚትሪባ ላይ የተመዘገበው 53.9 ዲግሪ በዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅት የተረጋገጠ ነው። ከጁን መባቻ እስከ ኦገስት መጨረሻ በቀትር ከቤት ውጭ መሥራት መከልከሉንም አንባቢ ያውቃል። ደንቡ የታሰበው ለግንባታና ለመንገድ ሠራተኛ ነው፤ ሜዳ ላይ ለዘጠና ደቂቃ የሚሮጠውን ዳኛ ማንም ሠራተኛ ብሎ አልቆጠረውም።

የሰው ምክንያትም አለ። የእግር ኳስ ሕግ ሦስተኛው አንቀጽ ከሁለቱ ቡድኖች በአንዱ ሰባት ተጫዋች ካልተሟላ ጨዋታው እንዳይጀመር ያዛል። በአማተር ዓለም ይህ ቁጥር ቀልድ አይደለም። አንዱ ተጫዋች አሠሪው ቤተሰብ ሻሌ ስለሄደ እንዲነዳ ተጠርቷል፤ ሌላው የምግብ ቤት ፈረቃው ተቀይሯል፤ ሦስተኛው ተኝቷል። ስድስት ሰው ማልያ ለብሶ ሰባተኛውን በስልክ ይፈልጋል። ዳኛው ሰዓቱን ያያል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻም ሪፖርቱን ጽፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለሙያ ሊግ ቢሆን ‹ማክሰኞ ይካሄዳል› ተብሎ ያልቅ ነበር። እዚህ ግን ማክሰኞ የማንም አይደለችም። የሚቀጥለው አርብ ደግሞ የራሱ ጨዋታ ተመድቦለታል፤ እንዲህ እየተንከባለለ አንድ ውድድር ረመዳን ይደርስበትና ከተራዊሕ በኋላ ወደሚደረግ የሌሊት ጨዋታ ይለወጣል።

የዳኛው አበል ምን ይሆናል? በአማተር ኳስ ውስጥ ጸንቶ የቆየው ልማድ አጭር ነው፤ ፊሽካ ከተነፋ ይከፈላል፣ ካልተነፋ አይከፈልም። ልማዱ ለመስማት ፍትሐዊ ይመስላል። ሥራ ከሌለ ደመወዝ ከየት ይመጣል?

ነገር ግን ልማዱ ሲመረመር አንድ አደገኛ ነገር በውስጡ ይዟል። የእግር ኳስ ሕግ አምስተኛው አንቀጽ ሜዳውና የአየሩ ጠባይ ለጨዋታ ይበቃሉ ወይስ አይበቁም የሚለውን ውሳኔ ለዳኛው ይሰጣል፤ እንዲያውም በዚህ ውሳኔው የተነሣ ተጠያቂ እንዳይሆን ከለላ ያደርግለታል። አቧራው ተነሥቶ ደረቱ የሚያፍን ተከላካይ ማሳል በጀመረ ጊዜ ‹በቃ› ማለት ያለበት እርሱ ነው። የሚከፈለው ፊሽካ ሲነፋ ብቻ ከሆነ ግን ‹በቃ› ባለ ቁጥር የሚቀጣው ራሱን ነው። ታክሲ ከፍሎ መጥቷል፣ ታክሲ ከፍሎ ይመለሳል፣ በመካከሉ ባዶ እጁን ነው። በፍርዱ የሚጠቀም ወይም የሚጎዳ ሰው ፈራጅ እንዳይሆን ሊቃውንቱ አጥብቀው የጠበቁት ድንበር እዚህ ላይ ይጣሳል። ማንም ጉቦ አልሰጠውም፤ ልማዱ ራሱ ነው ወደ አንድ ወገን የሚገፋው። ስለዚህ የተላለፈ ጨዋታ አበል የአንድ ሰው የኪስ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሃያ ሁለት ሰው ሳንባ ጉዳይም ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኩዌት ምድር እስከ 1980 የፍትሐ ብሔር ሕግ ድረስ ሲሠራበት የቆየው የዑስማንያ ዘመን ‹መጀለቱል አሕካም› ስለ ኪራይና ስለ ቅጥር ሲደነግግ ሠራተኛውን በሁለት ይከፍለዋል። አንደኛው ‹አጂር ሙሽተረክ› ነው፤ እንደ ልብስ ሰፊ ወይም እንደ ቀለም ነካሪ ለመጣው ሁሉ የሚሠራ፣ ዋጋውንም ሥራውን ሲያስረክብ ብቻ የሚያገኝ። ሁለተኛው ‹አጂር ኻስ› ነው፤ ጊዜውን ለቀጣሪው ብቻ የሰጠ። ለዚህኛው ዋጋው የሚገባው በተወሰነው ጊዜ ለሥራ ተዘጋጅቶ በመገኘቱ ነው፤ ቀጣሪው ሥራ ባይሰጠው እንኳ ዋጋው አይቀርበትም።

ዳኛው ከየትኛው ይመደባል? በአንድ አርብ ለተለያዩ ቡድኖች ሁለት ሦስት ጨዋታ የሚመራ መሆኑን ያየ ሰው ሙሽተረክ ነው ሊል ይችላል። መጀላው ግን ለዚህ የሚጠጋ ምሳሌ አለው፤ የመንደሩን እረኛ ያነሣል። የአንድ መንደር ሰዎች በአንድ ውል ተባብረው ከብታቸውን እንዲጠብቅላቸው እረኛ ቢቀጥሩና የሌላ ሰው ከብት እንዳይቀላቅል ቢስማሙ፣ ቀጣሪዎቹ ብዙ ቢሆኑም እረኛው አጂር ኻስ ነው። በወሎ ወይም በአርሲ ገጠር ያደገ አንባቢ ይህን እረኛ በዓይነ ኅሊናው ያየዋል። ሁለት ቡድኖች ተስማምተው ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ጊዜ የእኛ ብቻ ይሁን ብለው የጠሩት ዳኛ ከዚህ እረኛ ምን ይለየዋል? በዚያ ሰዓት ሌላ ሜዳ ላይ ቢጠራ እምቢ ብሏል። ከብቱ ባይመጣ እረኛው መስኩ ላይ ነበር። ንጽጽሩን ከሁሉም ነገር ጋር ማስማማት አይቻልም፤ አቧራው የማንም ጥፋት አይደለምና ዕዳው ሁሉ በቡድኖቹ ላይ ይውደቅ ማለትም ይከብዳል።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ለአማተር ሊጎች ባዘጋጀው መደበኛ ደንብ ውስጥ የሚገኘው መፍትሔ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ጨዋታው ከቡድኖቹ አቅም በላይ በሆነ ምክንያት ካልተካሄደና ዳኞቹ ሜዳው ላይ ከተገኙ ግማሽ አበልና የመጓጓዣ ወጪ ያገኛሉ። ጥፋቱ የአንደኛው ቡድን ከሆነ ግን ያ ቡድን ሙሉውን አበል ከነወጪው ይከፍላል። አቧራና ዝናብ ግማሽ፤ ያልመጣው ሰባተኛ ተጫዋች ሙሉ። የእግዜሩን ከሰዉ ለይቶ የሚመዝን ደንብ ነው፤ ለመተርጎምም ከአንድ ገጽ በላይ አይፈጅም።

ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው ግን ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚቆይ ነው። በልጅነቱ ጃን ሜዳ ወይም በየሰፈሩ ሜዳ በክረምት ውድድር የተጫወተ ሁሉ ያስታውሳል፤ መዋጮው የሚሰበሰበው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነበር፤ ያኔ ደግሞ የተሸነፈው ቡድን የለም፣ ተበትኗል። አሁንም በብዙ ቦታ ልማዱ ያው ነው፤ ‹ከጨዋታው በኋላ እንተያያለን›። በፊቅህ መንገድ ሲታይ ይህ አነጋገር ሁለት ጉድለት አለው። የቅጥር ውል ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ ሊሆን ይገባል፤ ‹እንተያያለን› የታወቀ ዋጋ አይደለም። የሠራተኛን ዋጋ ማዘግየት ደግሞ በሐዲስ የተወገዘ ነው። ሦስተኛ ጉድለትም አለ፤ በሰማንያኛው ደቂቃ ቅጣት ምት የሚሰጠው ዳኛ አበሉን ገና አልተቀበለም፤ ከፋዮቹም ፊት ለፊቱ ቆመው እየጮኹ ነው።

የእስልምና ሊቃውንት ቃዲ ደመወዙን ከተሟጋቾቹ እጅ ሳይሆን ከበይተል ማል እንዲቀበል የመረጡት ይህን በመፍራት ነበር። ለአማተር ሊግ በይተል ማል የለውም። ሊመስለው የሚችል ነገር ግን ማቋቋም ይችላል፤ ውድድሩ ሲጀመር እያንዳንዱ ቡድን የሁሉንም ጨዋታ የዳኛ ድርሻ በአንድነት ለአዘጋጁ ገንዘብ ያዥ ያስገባል፤ ዳኛው ከቡድን መሪ ጋር ስለ ገንዘብ አንዲት ቃል ሳይለዋወጥ ከገንዘብ ያዡ ይቀበላል። እኩል ድርሻ፣ ሦስተኛ እጅ። ውድድሩ ሲያልቅ የተረፈ ካለ ለቡድኖቹ ይመለሳል።

ኩዌት ዳኛ በውጭ ግፊት ሲወዛወዝ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ የምታስታውስ አገር ናት። በብቸኝነት በተሳተፈችበት የዓለም ዋንጫ፣ በጁን 21 ቀን 1982፣ በስፔኗ ቫያዶሊድ ከተማ ከፈረንሳይ ጋር ስትጫወት ተጫዋቾቿ ከተመልካች መካከል የተነፋ ፊሽካ ሰምተው ቆሙ፤ አለን ዢሬስ ግን ኳሷን ከመረብ አገናኘ። የእግር ኳስ ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሸይኽ ፈሀድ አል አሕመድ ከክብር ቦታቸው ወርደው ሜዳው ገቡ፤ ሶቪየታዊው ዳኛ ሚሮስላቭ ስቱፓር አጽድቆት የነበረውን ጎል ሻረ። ፈረንሳይ በመጨረሻ 4 ለ 1 አሸነፈች፤ ስቱፓር ግን የዓለም አቀፍ ዳኝነቱን አጣ። በሚሽሪፍ ዲዋኒያዎች የዚያን ትውልድ ሰዎች ስታዋይ ነገሩ ዛሬም ይነሣል፤ አብዛኛውም ሰው ስለ ፊሽካው ይከራከራል። ስለ ዳኛው የሚያወራ ጥቂት ነው።

ኢትዮጵያም ለዓለም የሰጠቻቸው ዳኞች አሏት። ስዩም ታረቀኝ የ1970ውን የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ከዳኙት አንዱ ነበሩ። ባምላክ ተሰማ በአፍሪካ ትልልቅ መድረኮች ላይ ፊሽካ ነፍቷል። በ2015 እና በ2019 የሴቶች የዓለም ዋንጫ የተመረጠችው ሊዲያ ታፈሰ ደግሞ በሙያዋ የመድኃኒት ባለሙያ ናት። ከዓለም ዋንጫ የደረሰ ዳኛ እንኳ ሌላ መተዳደሪያ ሊኖረው ይገባ ነበር ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ስማቸው ከመታወቁ በፊት አቧራማ ሜዳ ላይ ቆመው ሰባተኛውን ተጫዋች ጠብቀዋል ብሎ መገመት ስሕተት አይሆንም። እዚያ ደረጃ ላይ ተስፋ ቆርጠው ቢተዉት ኖሮ የሚቀጥለው ታሪክ አይኖርም ነበር። ዛሬ በስደት ሜዳ ላይ ፊሽካቸውን የሚሰቅሉ ወጣት ዳኞች ሲበዙ ውድድሩ በተጠባባቂ ተጫዋች ይዳኛል፤ በተጠባባቂ የተዳኘ ጨዋታ ደግሞ እንዴት እንደሚያልቅ አርብ አርብ ሜዳ የሚውል ሰው ያውቀዋል።

አንድ ያልተነሣ ነገር ቀርቷል፤ ተጀምሮ የተቋረጠ ጨዋታ። ሰባተኛው የኳስ ሕግ የውድድሩ ደንብ ሌላ ካላለ በቀር የተቋረጠ ጨዋታ እንደገና ይካሄድ ይላል። በስድሳኛው ደቂቃ ጦዝ ያቋረጠው ጨዋታ በሌላ አርብ ከመጀመሪያው ደቂቃ ይጀመራል ማለት ነው። ተጫዋቹ ለሁለተኛ ጊዜ ቢሮጥ ለራሱ ደስታ ነው። ዳኛው ግን ሁለት አርብ ሰጥቷል፤ ብዙ አዘጋጆች የሚከፍሉት የአንድ ነው፤ ‹ጨዋታው እኮ አንድ ነው› ይሉታል። መጀላው ያነሣው እረኛ ሁለት ቀን ውሎ የአንድ ቀን ቢከፈለው የመንደሩ ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉ መገመት አያዳግትም።

አቧራው በተነሣ አርብ መግሪብ ሳይደርስ ሜዳው ባዶ ይሆናል። ቡድኖቹ በየመኪናቸው ተጭነው ወደ ሳልሚያና ወደ ፈርዋኒያ ይበተናሉ። ዳኛው ፊሽካውንና ሁለቱን ካርዶች በላስቲክ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ያስገባል፤ አፍንጫውን በሹማግ ሸፍኖ በአጥሩ አጠገብ የጠራውን ታክሲ ይጠብቃል። አምበሎቹ መኪናቸውን አስነሥተዋል። ከሁለቱ አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ይጠራው እንደሆነ ለማየት ዳኛው አንድ ጊዜ ዞር ይላል።