ላባው ሲደማ አትንቀሉት
ነቀምቴ፣ ሻምቡ፣ ጊምቢ ያላችሁ የሆሮ ዶሮ አርቢዎች፦ አዲስ በሚበቅል ላባ አገዳ ውስጥ ደም ይዘዋወራል፤ ለዚህ ነው ሥሩ ጠቆር የሚለው። ሲሰበር ደሙ ያስደነግጣል። በቀቀን ያላችሁም፣ ነገሩ አንድ ነው።

ቄቧን በፎጣ ያዟት፤ ደረቷን ግን ፈጽሞ አትጫኑ። ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ነው፤ ታፍና ትሞትባችኋለች። የሚደማውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሳትለቁ ጫን አድርጉ። የተሰበረው አገዳ ጫፍ ላይ ትንሽ ዱቄት መነስነስም ይረዳል። የቆዳ ቁስል ላይ ግን ዱቄትም፣ እባካችሁ፣ የተፈጨ ቡናም አታድርጉ።

ላባውን መንቀል በጣም ያማታል፤ ሥሩንም ይጎዳል። ከሌሎቹ ለዩዋት፤ ደም ያዩ ዶሮዎች ነቁረው ሊገድሏት ይችላሉ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ደሙ ካልቆመ ወይም ከደከመች ሳትውል ሳታድር ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውሰዷት።