አዲስ ዓለም፡ በቀሃ ወንዝ ዳር የቆየው የጎንደር ነጋዴዎች ሰፈር

የጎንደር ከተማ ስትነሣ አስቀድሞ ትዝ የሚለው በኮረብታው ላይ የታነጸው የፋሲል ግቢ ነው። ይሁንና ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 የቆረቆሯት ይህች መናገሻ ከተማ የኖረችው በግንቦቿ ብቻ አልነበረም። ከኮረብታው ግርጌ፣ በቀሃ ወንዝ ዳር፣ ንግዷን የሚያካሂድና የቤተ መንግሥቱን ጓዝ የሚያጓጉዝ ሌላ ሰፈር ነበራት። ሰፈሩ ቀደም ሲል እስላም ቤት ወይም እስላምጌ ይባል የነበረው የዛሬው አዲስ ዓለም ነው።

ጎንደር በቀሃና በአንገረብ ወንዞች የታቀፈች ስትሆን፣ ሁለቱ ወንዞች ከከተማዋ በስተደቡብ ይገናኛሉ። የዐፄ ፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ሲነግሡ፣ ውኃ ይቀዳበት የነበረው ቀሃ የሰው መለያ ድንበርም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1668 ጎንደር ላይ የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ፤ ውሳኔው ቤተ እስራኤላውያንንም የሚመለከት ነበር። ትእዛዙ ከዐሥር ዓመት በኋላ በድጋሚ መታወጁ፣ አብሮ መኖር የለመደን ሕዝብ መለየት ቀላል እንዳልነበረ ያመለክታል። ሰፈሩ በነዋሪዎቹ ምርጫ ሳይሆን በዐዋጅ መመሥረቱን ሳይሸሽጉ መግለጽ ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ ከተማዋ ያራቀቻቸውን ሰዎች ሳትይዝ መኖር አልቻለችም። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ ከወንዙ ማዶ አንድ ሺህ ያህል ቤቶች ያሉት የሙስሊሞች ከተማ ማየቱን ጽፏል። ነዋሪዎቹን ታታሪዎች ይላቸዋል። ንጉሡና መኳንንቱ ሲዘምቱ ድንኳን የሚተክሉትና የሚነቅሉት፣ በቅሎ የሚጭኑትና የሚነዱት እነርሱ ነበሩ፤ በውጊያ ግን ከየትኛውም ወገን አይሰለፉም።

ርስት የመያዝ መብት በአብዛኛው ስላልነበራቸው ኑሯቸው በንግድና በሽመና ላይ ተመሠረተ። ሲራራ ነጋዴዎቹ ወደ ምጽዋና ወደ ሱዳን እየተጓዙ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ያወጡ፣ ጨርቃ ጨርቅ ያስገቡ ነበር። በባርነት የሚሸጡ ሰዎችም የዚያ ንግድ አካል እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ለሰፈሩ የመከራ ዘመን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1864 ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደር ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ሲያዝዙ ብዙዎች ተሰደዱ። እ.ኤ.አ. በ1866 ከተማዋ በንጉሠ ነገሥቱ ጦር ተዘርፋ ተቃጠለች፤ በ1888 ደግሞ የመሐዲስቶች ጦር ዳግመኛ አወደማት። ይህ ሁሉ ደርሶም አዲስ ዓለም ከነነዋሪዎቹና ከነገበያው እስከ ዘመናችን ዘልቋል።

የፋሲል ግቢና ተጓዳኝ ቅርሶቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ፣ በዝርዝሩ የተካተቱት አብያተ መንግሥታት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መዋኛው እንጂ የነጋዴዎቹ ሰፈር አልነበረም። በመሆኑም የአዲስ ዓለም ታሪክ በአብዛኛው የሚገኘው በነዋሪዎቹ እጅ ነው፤ በየቤቱ በተቀመጡ ጽሑፎችና ዕቃዎች፣ በአረጋውያን ትውስታ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት፣ በግንባታ ወይም በቁፋሮ ጊዜ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንዳለ የመጠበቅና ወዲያውኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በቀሃ ዳርቻ ቤት የሚያድሱም ሆኑ መሠረት የሚያስቆፍሩ ነዋሪዎች ይህን ድንጋጌ ሊያውቁት ይገባል።