«ማይስ» ወይስ «ማውሲዝ»?

አንድ የቤተ ሙከራ ኃላፊ ለኮምፒዩተሮቹ የሚሆን ማውስ ለማስገዛት በእንግሊዝኛ የዕቃ መጠየቂያ ይጽፋል እንበል። «ሃያ ማይስ» ቢል ደብዳቤው ወደ ባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ሊመራበት ይችላል፤ «ሃያ ማውሲዝ» ቢል ደግሞ ሰዋስው የማያውቅ ይመስላል። መዝገበ ቃላት ለመሣሪያው ሁለቱንም ቅርጾች ይቀበላሉ። ለመሆኑ ይህ መንታነት ከየት መጣ?

«ማውስ»ን ከተለመደው ደንብ ያስወጣው የዘፈቀደ አሠራር አይደለም። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃሉ «ሙስ» ነበር። ከዚያ በቀደመው ዘመን በብዙ ቁጥር ምዕላዱ ውስጥ የ«ኢ» አናባቢ ነበረ። ተናጋሪዎች ለመጪው «ኢ» ምላሳቸውን አስቀድመው ወደ ፊት ስለሚያመጡ «ኡ» ቀስ በቀስ ተለወጠ። በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ምላስ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው የአፍ ክፍተት ስለሚያጥር የሚያስተጋባው ፍሪኩዌንሲ ከፍ ይላል። በኋላ ምዕላዱ ረገፈ፣ የተለወጠው አናባቢ ግን ቀረ። ዝይ ማለት የሆነው «ጉስ» ሲበዛ «ጊስ» የሚባለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለ ቅርስ ስንት ዘመን ይቆያል? ኤሬዝ ሊበርማን፣ ማርቲን ኖዋክና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 በኔቸር መጽሔት ባወጡት ጥናት 177 የጥንታዊ እንግሊዝኛ ኢመደበኛ ግሦችን ተከታትለው፣ እስከ ዘመናችን ኢመደበኛ ሆነው የዘለቁት 98 ብቻ መሆናቸውን አሳይተዋል። እንደ ሬዲዮአክቲቭ አቶም ለግሦቹ ግማሽ ዕድሜ አሰሉላቸው! ግማሽ ዕድሜው ከቃሉ የአጠቃቀም ድግግሞሽ ስኩዌር ሩት ጋር ይመጣጠናል፤ በመቶ እጥፍ ያነሰ የሚነገር ግሥ በአሥር እጥፍ ፍጥነት ወደ ደንቡ ይገባል። ጥናቱ ስለ ግሥ እንጂ ስለ ስም አይደለም። ምክንያቱ ግን ለስምም የሚሠራ ይመስለናል፤ ኢመደበኛ ቅርጽ የሚኖረው በተናጋሪዎች ትውስታ ነውና፣ እምብዛም የማይሰማው ይረሳል፣ ደንቡም ቦታውን ይወስዳል።

ቴክኖሎጂ ግን ሌላ ችግር አመጣ። ዳግላስ ኢንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለሕዝብ ያሳየው መሣሪያ በጭራ መሰል ገመዱ የተነሳ የአይጥ ስም ወረሰ። ቃሉ አልተረሳም፤ የተለወጠው የሚያመለክተው ነገር ነው። የቋንቋ ሊቁ ስቲቨን ፒንከር እንዳስረዳው፣ አንድ ስም ከጥንት ሥሩ ሲለያይ ኢመደበኛ ቅርጹን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው የሶኒ «ዎክማን» የሰው ዓይነት አይደለምና ብዙ ቁጥሩን ሰዎች «ዎክማንስ» ይሉታል እንጂ «ዎክሜን» ማለት ይከብዳቸዋል። ማውስ ግን ገና አይጧን ያስታውሳል፤ ስለዚህም ተናጋሪው በሁለቱ መካከል ይዋልላል።

ከላቲን በመጡት ቃላት ጉዳዩ ይበልጥ ይወሳሰባል። «አንቴና» በላቲን የመርከብ ሸራ የሚሰቀልበት አግዳሚ እንጨት ነበር፤ ከዚያ የነፍሳት መዳሰሻ፣ በመጨረሻም የሬዲዮ መሣሪያ ሆነ። ዛሬ ባዮሎጂስቱ የላቲኑን «አንቴኒ» ሲጠብቅ መሐንዲሱ «አንቴናስ» ይላል፤ ይህን ክፍፍል እኛ እንወደዋለን፣ ትርጉሙን ይለያልና። «ቫይረስ»ን «ቫይራይ» ብለው የሚያበዙ ግን ሊቅነት ፈልገው ይስታሉ። መርዝ ማለት የነበረው የላቲኑ ቃል በጥንት ጽሑፎች በብዙ ቁጥር አልተገኘም፤ «ቪሪ» ደግሞ በላቲን «ወንዶች» ማለት ነው። ሕዋስ የሚያጠቃውም ሆነ ኮምፒዩተር የሚያጠቃው ሲበዛ «ቫይረሲዝ» ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፍ አዘጋጂዎች እጅግ አስቸጋሪው «ዳታ» ነው። ቃሉ በትውልዱ ብዙ ቁጥር፣ ነጠላው «ዳተም» ነው። በርካታ የፊዚክስ ጽሑፎች እስከ ዛሬ በብዙ ቁጥር ግሥ ይጽፉታል፤ በኮምፒዩተር ሳይንስ ግን እንደ ውኃና አሸዋ የማይቆጠር ነጠላ ስም ሆኗል። ሁለት አማካሪዎች ያንኑ ዓረፍተ ነገር በተቃራኒ ቢያርሙት ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተማሪው አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው ይጽና። «ዳታስ» ግን በሁለቱም ዘንድ ስሕተት ነው።

በአማርኛ «ማውሶች» ለማለት ማንም አያመነታም፤ «‑ኦች» ለባዕድ ቃል ሁሉ ክፍት ነው። «ዳታዎች» ስንል ግን በላቲኑ ብዙ ቁጥር ላይ ሌላ ብዙ ቁጥር መደረባችን ነው፤ «መምህራኖች» ብለን በግዕዙ ላይ እንደምንደርበው።