ቤተሰብ የሚዘጋው የካዚኖ በር

የሲንጋፖር የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኩዋን ዩ በትዝታ መጽሐፋቸው ከልጅነታቸው አንድ መራር ነገር ያነሣሉ። አባታቸው ካርታ ይጫወቱ ነበር። የተበሉ ቀን ቤት ገብተው ሚስታቸውን ወርቅሽን አምጪ፣ አስይዤ ዕድሌን ደግሜ ልሞክር ይሏቸዋል። ወርቁ ለሠርጋቸው ከወላጆቻቸው የተሰጣቸው ነበርና እናት አልሰጥም ይላሉ፤ ቤቱ በጠብ ይናወጣል። ይህን እያዩ ያደጉት ሊ ኩዋን ዩ በሥልጣን ዘመናቸው ሎተሪውና የፈረስ ውርርዱ በሕግ ሥር እንዲቀጥል ቢተዉም፣ ካዚኖን ግን ለአሥርታት አላስገቡም።

እገዳውን ያነሡት ልጃቸው ናቸው። የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ሲየን ሉንግ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2005 ለፓርላማ ቀርበው ሁለት ግዙፍ የመዝናኛ ማእከሎች ከነካዚኖአቸው እንዲሠሩ መንግሥት መወሰኑን አስታወቁ። የቀረበው ምክንያት ቱሪዝምና የሥራ ዕድል ነበር። የሃይማኖት ተቋማትና ብዙ ዜጎች አጥብቀው ተቃወሙ። ተቃውሞው ውሳኔውን ባያስቀለብስም ከንቱ አልቀረም። ካዚኖዎቹ ሴንቶሳ ደሴትና ማሪና ቤይ ላይ በራቸውን የከፈቱት በ2010 ሲሆን፣ የቁማር ችግርን የሚከላከለው ብሔራዊ ምክር ቤት የተቋቋመው ግን ከዚያ አምስት ዓመት በፊት፣ በዚያው በ2005 ነው። የካዚኖ መቆጣጠሪያ ሕጉም በ2006 ወጣ። ብዙ አገሮች መጀመሪያ ቁማሩን ይፈቅዱና ሱሰኛው ሲበዛ ሐኪምና ሕግ ፍለጋ ይሮጣሉ። ሲንጋፖር መድኃኒቱን አስቀደመች፤ ለዚህ ብቻ እንኳ ታሪኩ ሊነገር ይገባዋል።

የውርርድ ድርጅቶች በማስታወቂያቸው ግርጌ በኃላፊነት ተጫወቱ ብለው ይጽፋሉ። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ የሚጭነው ራሱን መግዛት ባቃተው ሰው ላይ ነው። ሱስ ማለት ደግሞ ይኸው ራስን መግዛት ማቃት ነው። የሲንጋፖር ሕግ ኃላፊነቱን ለብዙ ሰዎች ያካፍላል፦ ለካዚኖው፣ ለመንግሥት፣ ከሁሉም በላይ ለቤተሰብ።

በሩ ላይ ካለው ልጀምር። የውጭ አገር ጎብኚ ፓስፖርቱን አሳይቶ በነፃ ይገባል። ዜጋና ቋሚ ነዋሪ ግን መታወቂያውን አሳይቶ ለ24 ሰዓት 150 የሲንጋፖር ዶላር ይከፍላል፤ የዓመት ልክፈል ካለ 3,000። እስከ 2019 ድረስ ክፍያው 100 እና 2,000 ነበር። ገንዘቡ ካዚኖው ኪስ አይገባም፤ ለሕዝባዊና ለበጎ አድራጎት ሥራ ይውላል። ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ጨርሶ አይገባም። ካዚኖው ውስጥ የኤቲኤም ማሽን የለም፤ ከፍተኛ ገንዘብ አስቀድሞ ካስያዘ ባለሀብት በቀር ለአገሬው ሰው በዱቤ ማጫወትም ክልክል ነው።

ክፍያው እግረ መንገዱን ያለፈውን ሰው ይመልሳል። ሱስ የያዘውን ግን አይመልስም፤ እንዲያውም የከፈልኩትን ላስመልስ ብሎ አብዝቶ እንዲጫወት ሊገፋው ይችላል። የዓመቱን የከፈለማ በተመላለሰ ቁጥር ያተረፈ ይመስለዋል። እኔ ይህን ክፍያ የሥርዓቱ ደካማ ጎን አድርጌ አየዋለሁ፤ ሀብታሙን አይነካውምና።

የሥርዓቱ ጉልበት ያለው የእገዳ ዝርዝሩ ላይ ነው። ወደ ዝርዝሩ የሚያስገቡ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው ሰውየው ራሱን የሚያሳግድበት ነው። ልቡ በተረጋጋበት ሰዓት ያመለክታል፤ ፍላጎቱ ሲነሣበት በማግሥቱ ሄዶ ማንሣት ግን አይችልም፤ ቢያንስ አንድ ዓመት መቆየት አለበት። ሁለተኛው በሕግ የሚመጣ ነው። በፍርድ ቤት ከሠረ የተባለና ዕዳው ያልተነሣለት፣ ከመንግሥት የድጎማ ገንዘብ የሚቀበል፣ የመንግሥት ቤት ኪራይ ለወራት ያልከፈለ ሰው ሳይጠየቅ ይታገዳል። ይህኛው ያከራክራል። ድሃን ከሀብታም ለይቶ መከልከል ክብርን ይነካል የሚል ክርክር አለ፤ ክርክሩም እውነት አለው። ሆኖም ለልጆች እራት የተሰጠ የድጎማ ገንዘብ ቁማር ጠረጴዛ ላይ እንዳያድር መከልከሉ ለእኔ ሚዛን ይደፋል።

ሦስተኛው የቤተሰብ እገዳ ነው። ባል ወይም ሚስት፣ ወላጅ፣ ልጅ፣ ወንድም ወይም እኅት የቁማር ችግርን ለሚከላከለው ምክር ቤት ያመለክታሉ። ማመልከት ማለት እገሌ ቁማርተኛ ነው ብሎ መክሰስ ብቻ አይደለም። በሰውየው ቁማር ምክንያት ቤተሰቡ ላይ ከባድ ጉዳት መድረሱን ማሳየት ያስፈልጋል፦ የዕዳ ደብዳቤ፣ የተሸጠ ወይም በወለድ አግድ የተያዘ ንብረት፣ ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ወጪ። ጉዳዩን ለዚሁ የተሰየመ ገምጋሚ ኮሚቴ ይሰማዋል። ውሳኔው እስኪሰጥ ቤቱ እንዳይራቆት ጊዜያዊ እገዳ ሊጣል ይችላል። የሚታገደውም ሰው ይጠራል፤ ቃሉን ይሰጣል፤ የሚቃወመውን ይቃወማል። ኮሚቴው ካመነበት እገዳውን ያጸናል፤ ከባለሙያ ምክር እንዲያገኝም ሊያዝዝ ይችላል።

ይህን አሠራር የማደንቅበት ምክንያት አለኝ። የቁማር ሱስ እንደ መጠጥ ትንፋሽ ላይ አይሸትም፤ እንደ ጫትም ጉንጭ ላይ አይታይም። መሥሪያ ቤቱ ሳያውቅ፣ ጓደኛው ሳይጠረጥር፣ ቀድማ የምታውቀው ሚስት ናት፤ ደመወዙ የት እንደገባ የምትጠይቅ እሷ ናትና። ወይም ከሳጥኗ ወርቋ የጠፋባት እናት። እነዚህ ሰዎች በአብዛኛው አገር ከማልቀስና ሽማግሌ ከመላክ በቀር የሚይዙት ሕጋዊ ነገር የላቸውም። ሲንጋፖር የጉዳቱን ተሸካሚ የመፍትሔው ባለቤት አደረገችው። በር ላይ መታወቂያው ሲታይ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ይመለሳል፤ ሾልኮ ገብቶ ቢያሸንፍ እንኳ ያሸነፈው ይወረሳል። የታገደን ሰው ያስገባ ካዚኖም ይቀጣል። በ2013 ደግሞ ሙሉ እገዳ ለማያስፈልገው ሰው በወር የሚገባበትን ቀን የሚቆጥር የጉብኝት ገደብ ተጨመረ።

ምክር ቤቱ ከእገዳው ሌላ ሕዝብን ያስተምራል። በ2014 የዓለም ዋንጫ ሰሞን ያስነገረው ማስታወቂያ በዓለም ዙሪያ ተወርቶለታል። ልጆች ዋንጫውን ማን ይወስዳል እያሉ ሲጫወቱ አንዱ ልጅ በሐዘን ጀርመን ብታሸንፍ ደስ ይለኛል ይላል፤ አባቱ ያጠራቀመለትን ገንዘብ በሙሉ በጀርመን ላይ አስይዞበታል። ታዲያ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ረትታ ዋንጫውንም ወሰደች። ሰው አባትየው ሀብታም ሆነ ብሎ ሣቀ። ምክር ቤቱ ግን አላፈረም፤ ማስታወቂያውን ቀጠለበት። አሁን ልጁ ገንዘብህ ተመለሰልህ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አልተመለሰም፤ አባቴ አያቆምም፣ አንዴ ልድገም ይላል ብሎ ይመልሳል። ስለ ቁማር ሱስ ከተነገሩት ሁሉ ይህን ያህል አጭርና ትክክል የሆነ አላጋጠመኝም። ቁማርተኛን የሚጥለው መበላቱ ብቻ አይደለም፤ መብላቱም ነው።

ውጤቱስ? ምክር ቤቱ በየሦስት ዓመቱ ጥናት ያስጠናል። በቁማር ችግር ውስጥ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብለው የተለዩት ነዋሪዎች በ2011 ከመቶ 2.6 ነበሩ፤ በ2014 ወደ 0.7 ወረዱ፤ በ2017 ደግሞ 0.9 ሆኑ። ቁጥሩን ያወረደው እገዳው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ ካዚኖ ከተከፈተ በኋላ አለመናሩ ግን ቀላል ነገር አይደለም። ጉድለቱም መነገር አለበት። እገዳው ድንበር አይሻገርም፤ ማሌዢያ ውስጥ ያለው የጌንቲንግ ተራራ ካዚኖ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። በስልክ የሚገባበት ሕገወጥ ቁማርም በር ጠባቂ የለውም። መንግሥትም ከካዚኖው ቀረጥ እየሰበሰበ ዜጋውን ከካዚኖው መጠበቁ ዘወትር የሚፈትነው ነገር ነው።

በእኛ አገር ካዚኖ ሳይሆን የስፖርት ውርርድ ነው ሰፈር የገባው። ቤቲንግ ቤቶቹ ከአዲስ አበባ አልፈው ክልል ከተሞች ደርሰዋል፤ ትኬቱ በስልክም ይቆረጣል። የተማሪ ልጇ የኮሌጅ ክፍያ በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ውጤት የተበላባት እናት ወዴት ትሂድ? ለእሷ የሚሆን መስኮት ያስፈልጋል። የውርርድ ፈቃድ የምትሰጡና ሕጉን የምታረቁ ሰዎች ሆይ፣ ድርጅቶቹ ሁሉ በጋራ የሚያዩት አንድ የእገዳ ዝርዝር ይኑር፤ ትኬት የሚቆርጠው ሰው በመታወቂያ ይለይ፤ ብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ ለዚህ ይጠቅማል። በዝርዝሩ ላይ ስም ለማስገባትም ለቤተሰብ በሕግ የታወቀ መብት ስጡ፤ የሚታገደውም ሰው ቃሉ የሚሰማበት ሥርዓት አብሮ ይኑር። ከውርርድ የሚሰበሰበው ቀረጥ ከፊሉ ለሱስ ሕክምና ይመደብ። ይህ ሁሉ ሱሰኛው ከመብዛቱ በፊት ቢጀመር ይሻላል።