«ማንሻ» እና «ማስነሻ»፤ ካሜራን በስልክ ከርቀት ስለ ማዘዝ የስያሜ ጥናት

ካሜራን በእጅ ሳይነኩ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚያገለግሉ መሣሪያዎች በገበያ የሚጠሩት «ሪሞት» በሚል አንድ ቃል ነው። ቃሉ ለሻጭና ለገዢ ይበቃል፤ ለተርጓሚ ግን አይበቃም፤ ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ይሸፍናልና። በአንደኛው ፎቶግራፉን የሚያነሣው ስልኩ ሲሆን ትእዛዙን የሚሰጠው ሌላ ትንሽ ቁልፍ ነው። በሁለተኛው ስልኩ አዛዥ ይሆናል፤ የሚያነሣው ካሜራ ነው።

ሁለተኛውን ለማስረዳት አሶሳ ላይ የበርታ ዙምባራ ሲነፋ ለማንሣት የፈለገ ባለሙያን እንውሰድ። ነፊዎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ድምፅ በተራ ስለሚያሰሙ ዜማው የሚሞላው በኅብረት ነው፤ በመካከላቸው ካሜራ ይዞ የሚቆም እንግዳ ጨዋታውን ያውካል። ስለዚህ ባለሙያው ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አሰናድቶ ፈቀቅ ይልና በስልኩ ያዝዘዋል። ግንኙነቱ አብዛኛውን ጊዜ በዋይፋይ ነው፤ ሞገዱን የሚያሠራጨው ካሜራው ራሱ ሲሆን ካሜራው የሚያየው ምስል በስልኩ ገጽ ላይ ይታያል። ብሉቱዝ ባትሪ ይቆጥባል፤ ምስል ለማሳየት ግን አቅሙ ውሱን ነው። ታሕተ ቀይ ጨረር በላኪውና በተቀባዩ መካከል ግርዶሽ ካለ አይሠራም፤ ብርቱ ፀሐይም ያደክመዋል። ጨረሩን የሚልኩ ስልኮችም ጥቂቶች ናቸው።

በአንደኛው ዐይነት ያለው አሠራር ለቋንቋ ሰው የሚያስገርም ነው። ርካሹ የብሉቱዝ ቁልፍ ለስልኩ ራሱን የሚያስተዋውቀው እንደ መጻፊያ ቁልፎች ገበታ ሆኖ ነው፤ ሲጫኑት የሚልከውም «ድምፅ ጨምር» የሚለውን ትእዛዝ ነው። የስልኩ ካሜራ ይህንኑ «አንሣ» ብሎ ይተረጕመዋል።

ለዚህ አዛዥ መሣሪያ ምን ስያሜ ይሰጠው? እንግሊዝኛውን ተከትለው «ቃታ» የሚሉ አሉ። ቃሉ አጭርና የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ጠመንጃን ጐትቶ ያመጣል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ዞን ብዙ ሰላማውያን ሰዎች በተገደሉበት ክልል «ከርቀት ቃታውን ይሳቡ» የሚል መመሪያ ማሳተም አስተዋይነት አይመስለንም። «መልቀቂያ» የሚለው ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ ሌላ ትርጕም ይዟል፤ ካሜራው ሥራውን ሊለቅ ያመለከተ ያስመስለዋል። «መጫኛ» የአህያ ገመድ ነው።

መፍትሔው ከራሱ ከግሡ ይገኛል። በአማርኛ ፎቶግራፍ «ይነሣል»፤ ካሜራውም «ፎቶግራፍ ማንሻ» ተብሎ ቈይቷል። «አነሣ» ከሚለው ወደ «አስነሣ» ስንሻገር «ማስነሻ» እናገኛለን፤ ይህም መካኒኮች ለሞተር ከቀድሞ ጀምሮ የሚሠሩበት ቃል ነው። ማንሻው ካሜራ፣ ማንሻውን የሚያዝዘው ማስነሻ ይሆናል። ሁለቱን ዐይነቶች ለመለየትም መስተዋድድ ብቻ ይበቃል፤ «የስልክ ማስነሻ» ስልኩ እንዲያነሣ የሚያዝዘው ቁልፍ ነው፤ «በስልክ ማስነሻ» ግን በስልክ አማካይነት ካሜራን የሚያዝዘው መተግበሪያ ነው። የአንዲት ፊደል ልዩነት ለእርማት አንባቢ ሥጋት መሆኑ ባይካድም ከ«ሪሞት» ይሻላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻ ቃል «ኔትወርክ» ነው። መመሪያው «ስልክዎን ከካሜራው ኔትወርክ ጋር ያገናኙ» ካለ፣ የስልክ ምልክት በማይደርስበት የካማሺ ቀበሌ ያለ አንባቢ «እዚህ ኔትወርክ የለም» ብሎ መሣሪያውን ያስቀምጠዋል። በተለመደው አነጋገር ኔትወርክ ማለት የስልክ ምልክት ነውና። በእውነቱ ግን ግንኙነቱ በካሜራውና በስልኩ መካከል ብቻ ስለሆነ ኢንተርኔትም የስልክ ምልክትም አያስፈልገውም። ስለዚህ «ካሜራው ከሚያሠራጨው ዋይፋይ ጋር ያገናኙ» ተብሎ «ኢንተርኔት አያስፈልግም» የሚል ቢታከልበት ይመረጣል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሥራ ቋንቋው አማርኛ ነው፤ በአማርኛው የገባ አሻሚ ቃል ጽሑፉ ወደ በርታ፣ ወደ ጉሙዝ ወይም ወደ ሺናሻ ቋንቋ ሲመለስ አብሮ ይሻገራል።